ግቢዬ ውስጥ ጫማ የወለቀበት ቀን

ኬንያ ሞያሌ ውስጥ ስለ እኔ የሚወራ ወሬ አለ። አንዳንዱ ታቦት የከፈተች ሴት ይለኛል፤ አንዳንዱ ነፍስ ያዳነች ይለኛል። ፊት ለፊት ሲጠይቁኝ አጭር መልስ ሰጥቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። አሁን ግን ዕድሜዬ እየገፋ ነው፤ ወሬው ከእኔ በኋላም መቆየቱ አይቀርም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ለመጻፍ ወሰንኩ።

መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ከባለቤቴ ጋር ድንበር ተሻግረን የመጣን ሰዎች ነን። ከስደተኞች ሰፈር ወጥተን እዚሁ ከተማ ተቀመጥን። እሱ በወባ ሞተ። እኔ ግቢ ተከራይቼ አልቤርጎ ከፈትኩ። ትምህርቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛዬም የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው። ስዋሂሊውንና ኦሮምኛውን ከገበያ ለቀምኩት። ድንበር ላይ አልቤርጎ የያዘ ሰው ዋና ሙያው አለማየት ነው። ማን ከማን ጋር እንዳደረ፣ በጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ፣ የያዘው ወረቀት የራሱ ይሁን የወንድሙ አልጠይቅም ነበር። ቁልፍ እሰጣለሁ፤ ቁልፍ እቀበላለሁ። በዚህ ጠባዬ ሰው ይወደኝ ነበር፤ እኔም እኮራበት ነበር።

ጊዜው አስፋልቱ ገና ያልደረሰልን፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር የናይሮቢ መንገድ በጭቃ የሚዘጋበት ነበር። ከተማውም ገና ከግጭት ማገገሙ ነው። የተቃጠሉ ሱቆች ግድግዳ እንደቆመ ነበር። ያኔ ሰው ለመሰብሰብ ትልቅ ምክንያት አያስፈልግም ነበር።

እንግዳዋ በዚያ ዝናብ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል መጣች። ሻንጣዋን በጋሪ አስጭናለች፤ አንዲት በሐምራዊ ጨርቅ የተጠቀለለች ሣጥን ግን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ጃፓናዊት መሆኗን፣ ስሟም ፉሚኮ መሆኑን ነገረችኝ። ልጇ ናይሮቢ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ ወደ እሱ እየሄደች ነው።

“ክፍል አለሽ?” አለችኝ።

“አለ።”

“ጠረጴዛስ አለው?”

ጠረጴዛ የሚጠይቅ እንግዳ አጋጥሞኝ አያውቅም። ከራሴ ክፍል አውጥቼ ሰጠኋት። ሣጥኗን እስከዚያ ድረስ መሬት አላስነካችም፤ አልጋም ላይ አላኖረችም። ጠረጴዛውን ራሷ አጠበች፣ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች፣ ከዚያ ሣጥኗን አስቀምጣ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም ቁልፍ ሰጥቻት ወጣሁ።

መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ቀናት ቆየች። ዝናቡ ሲያባራ በሩ ላይ ወንበር አስወጥታ ከቦሪና ከኡራን መንደሮች የሚመጡ ግመሎችን ታይ ነበር። ዘበኛዬ ጉዮ የቦረና ሰው ነው፤ ግመል አይቶ የሚደነቅ ሰው በጣም ያስቀዋል።

“አዮ፣” አለኝ፣ በቦረና እናቴ ማለቱ ነው፣ “ይቺ ሴትዮ አገሯ ግመል የለም እንዴ? ምን ይጠጣሉ ታዲያ?”

ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩላት። ሳቀች፤ ከዚያ ብዙ አወራች። አገሯ ግመል ኖሮ አያውቅም። ሆኖም ናራ በምትባል ጥንታዊ ከተማ አንድ የቤተ መቅደስ ግምጃ ቤት አለ፤ እዚያ ውስጥ እንደ ክራር የሚመታ ባለ አምስት አውታር መሣሪያ ተቀምጧል። በደረቱ ላይ፣ ግመል ላይ ተቀምጦ መሣሪያ የሚመታ ሰው በዛጎል ተለብጦበታል። ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል።

“ግመሉን ያየ ጃፓናዊ ያኔ አልነበረም፤” አለችኝ። “ግመሉ በዕቃው ላይ ሆኖ መጣ።”

ከፋርስ፣ ዛሬ ኢራን ከሚባለው አገር፣ ከዚያም ወዲያ በመካከለኛው እስያ በረሃ ካሉ ከተሞች የመጣ ዕቃና የሥራ ጥበብ በዚያ ግምጃ ቤት ሞልቷል አለች። አንዱ ነጋዴ ለሌላው እየሸጠው በግመል ቻይና ደረሰ፤ ከዚያ በመርከብ ወደ እነሱ ተሻገረ። “እንደዚህች ባሉ ከተሞች እየተቀባበሉት ነው የደረሰን፤” ብላ በጣቷ ጭቃማ መንገዳችንን አሳየችኝ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መሄድ ስትችል በመኪና የመጣችውም ለዚህ ነበር፤ ዕቃዎቹ በየብስ እንደተጓዙ እሷም ጥቂት በየብስ ልትጓዝ ፈልጋ።

የጥንት የቤተ መቅደስ ጨርቆችን አስመስላ በመሸመን ኖራለች። ሰሜን ኢትዮጵያ በአንድ ገዳም የቆየ የምሥራቅ ጨርቅ አለ ሲባል ሰምታ ሄዳ ነበር፤ ግን ሴት አይገባበትም። አንድ መነኩሴ ወርደው ከበታች አነጋግረዋታል። ይህን ሁሉ በግማሽ ጆሮ ሰማሁ። ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አልነገረችኝም፤ እኔም እንደ ልማዴ አልጠየቅሁም።

ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ በወጣች በማግሥቱ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ወደ ማርሳቢት ይወጣል፤ ለፉሚኮ ጋቢና ውስጥ ቦታ ተይዞላታል። ረፋዱ ላይ ልብስ አሰጣ ነበር፤ ክፍል የምታጸዳልኝ በላይነሽ መጥረጊያዋን ጥላ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

“እትዬ፣ የፈረንጇን ክፍል አላጸዳም።”

“ለምን?”

“ታቦት አለበት።”

“ምን አልሽ?”

“በዓይኔ አየሁ! በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እጇን ታጠበች፤ ነጭ ጓንት አጠለቀች፤ ለሣጥኑ ሰገደች፤ እንዲህ፣ ከወገቧ። ከዚያ አንዱን ጨርቅ ፈታች፤ ሌላ አለ። ሌላውን ፈታች፤ ሌላ አለ። የመጨረሻው ላይ በወርቅ የተሠራ ፈረሰኛ አለ፤ አንበሳ የሚወጋ። እትዬ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ነው!”

“ጊዮርጊስ የወጋው ዘንዶ ነው።”

“እንግዲያው መርቆሬዎስ ይሆናላ! የአንዱ ነው!”

ሰሞኑን ማዶ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጽላት ተሰረቀ፣ ወደ ድንበር እየመጣ ነው የሚል ወሬ ነበር። እሷም ሰምታዋለች፤ እኔም ሰምቼዋለሁ።

“ለማንም እንዳትናገሪ፤” አልኳት።

ዓይኗን ወደ ተሰጣው ልብስ አሸሸች። ገባኝ።

“ለማን ነገርሽ?”

“ለጋሽ ተክሌ ብቻ።”

ተክሌ ከእኔ ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለ ባለሱቅ ነው። ሃይማኖተኛ ነው፤ ለጋስ ነው፤ ግን ደሙ ይፈላል። ለእሱ መንገር ለገበያው መንገር ነው። ልብሱን አስጥቼ ሳልጨርስ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። ጉዮ በቀዳዳ አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

“አዮ፣ ሰው በዛ። ልክፈት ወይስ ልሩጥ?”

“ክፈት። ካልከፈትክ ይሰብሩታል።”

ገቡ። ተክሌ ከፊት ነው፤ ከኋላው ነጋዴዎች፣ ሾፌሮች፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች። ጩኸት ጠብቄ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ደፉን እንዳለፉ ሁሉም ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ሸበጡ፣ ቦቲው፣ የሴቶቹ ኮንጎ ጫማ በሬ ሥር ተከመረ። በባዶ እግራቸው ጭቃው ላይ ቆሙ። ከዚያ ይልቅ ጮኸው ቢገቡ አልፈራም ነበር። የተቆጣ ሰው ይደክመዋል፤ ጫማውን አውልቆ የተቆጣ ሰው ግን ለማን እንደቆመ ያውቃል።

“እትዬ አስካለ፣” አለ ተክሌ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሴትዮዋን አውጪልን።”

“አውጥቼስ?”

“ጽላቱ እዚሁ ይቀራል፤ ካህን መጥቶ ይወስደዋል። እሷን እኛ እናነጋግራታለን።”

“እንዴት ነው የምታነጋግሯት?”

ከኋላ አንዱ፣ “እንደ ሌባ!” አለ።

“ቄሱ ይምጡ፤ ያዩታል፤ ይለያል፤” አልኩ።

“ልከናል። ማዶ ሜጋ ለቀብር ሄደዋል አሉን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድንበሩ ይዘጋል፤ መኪናው ግን ከዚያ በፊት ይወጣል። እሷም ያንን ቆጥራ ነው!”

“ታቦት መሆኑን በምን አወቅክ? ከፍተህ አይተሃል?”

ተክሌ አማተበ። “እኔ? እኔ እንዴት አየዋለሁ?”

ነገሩ እዚህ ላይ ተቋጠረ። አንባቢዬ ሌላ አገር ያደግህ ከሆነ ይህን ልብ በልልኝ። በእኛ ሥርዓት ታቦት ከካህን በቀር ማንም አያየውም፤ አይነካውም። ስለዚህ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አንድ ጊዜ ታቦት ነው ከተባለ፣ አይደለም ብሎ የሚያረጋግጥ ምእመን የለም። ለማረጋገጥ መክፈት ያስፈልጋል፤ መክፈት ደግሞ ድፍረት ነው። ሌላ እምነት ያለው ሰው ቢከፍተው የባሰ ነው። ፉሚኮ ንጹሕ ብትሆንም ንጽሕናዋን የሚያይላት ዓይን በግቢው ውስጥ አልነበረም።

ወደ ክፍሏ ገባሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

“ምን አጠፋሁ?” አለችኝ።

“ሣጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?”

“የባሌ ሥራ ነው። በግምጃ ቤቱ ያለ ዕቃ ቅጂ። ለልጃችን እየወሰድኩለት ነው።”

ቅጂ ነው አለች። ሌባም ብትሆን ይህንኑ ትላለች። ከሰሜን መምጣቷን አውቃለሁ፤ ገዳም ሥር ቆማ ከመነኩሴ ጋር መነጋገሯን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ግማሽ በግማሽ ነበር።

ውጭ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ፖሊስ መጥቷል። ሳጅኑን አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ብዙ ሰው ሲያይ ይቸኩላል። ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ሁለት ባልደረቦቹ አሉ። በጫማቸው ገቡ። ሕዝቡ አጉረመረመ።

“ማማ፣ ሺዳ ጋኒ?” አለኝ፤ ችግሩ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

“ይሄ ቀላል ነው። ሣጥን ነው፤ ይከፈታል። አምጪው፤ እኔ እከፍተዋለሁ።”

ከቀበቶው ሴንጢ አወጣ። ተክሌ ስዋሂሊ ስለሚያውቅ ሰማው።

“ይህ ሰው ያንን ከነካ፣” አለ በአማርኛ፣ ለእኔም ለሁሉም እንዲሰማ፣ “ከዚህ ግቢ አንዳችንም በእግራችን አንወጣም!”

ሴቶቹ “እግዚኦ!” ማለት ጀመሩ። ከግንቡ ውጭ ድንጋይ ተወርውሮ ቆርቆሮው ላይ አረፈ። አንደኛው ፖሊስ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ጉዮ ከጀርባዬ ተጠግቶ፣ “አዮ፣ ቅድም ልሩጥ ስልሽ መፍቀድ ነበረብሽ፤” አለኝ። ልስቅ አልቻልኩም።

ሳጅኑን በክንዱ ያዝኩት። “አንተ አትክፈት። እኔ እከፍተዋለሁ።”

“ምን ለውጥ አለው?”

“አንተ ከከፈትከው ይዋጉሃል። እኔ ከከፈትኩት የሚረግሙት እኔን ነው።”

ጥቂት አየኝና ሴንጢውን አጠፈ። “ሃራካ፣ ማማ፤” አለ። ፍጠኚ ማለቱ ነው።

እንዴት ያንን ለማለት እንደደፈርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ሴትዮዋን አውጥተው ሲደበድቧት አልጋዬ፣ ጠረጴዛዬና አንሶላዬ ያለበት ክፍል ውስጥ ቆሜ እንደማልሰማ መሆን አልችል ነበር። ይህን ብቻ አውቅ ነበር።

ክፍሉ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

“ክፈቺው፤” አልኳት ፉሚኮን። “ወይም እኔ ልክፈተው። ካልተከፈተ ይገድሉሻል።”

“ይሰብሩታል።”

“ሊሰብሩት ይችላሉ። አንቺን ግን አይሰብሩሽም።”

እጇን ከሣጥኑ ላይ አነሣች። አልከፈተችውም፤ ወደ እኔ ገፋችው።

ነጠላዬን አጣፋሁ። አማተብኩ። ሐምራዊውን ጨርቅ ፈታሁ። ከሥሩ የእንጨት ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ሌላ ጨርቅ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ በላይነሽ ያየችው። ዕንቁ በመሰሉ ነጠብጣቦች በክብ በክብ የተከበቡ ፈረሰኞች ናቸው። ፈረሶቹ ክንፍ አላቸው። ፈረሰኞቹ ዘውድ ደፍተዋል፤ አንበሶቹ በኋላ እግራቸው ቆመዋል። እንዲህ ያለ የክብር ጨርቅ ከመንበር በቀር የት ይገኛል? በላይነሽ ልክ ናት አልኩ በልቤ። እጄ ጨርቁ ላይ ነው። ከሥሩ ጠንካራ ነገር አለ። መመለስ እችል ነበር።

አልተመለስኩም። ጨርቁን አነሣሁት።

ከሥሩ የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳሕን ወጣ። በመዳፍ ልክ፣ ወፍራም፣ ዙሪያውን እንደ ማር እንጀራ በተደረደሩ ክብ ክብ ጉድጓዶች የተጠረበ። ከመስኮቱ ብርሃን ገባበት፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ የሌሎቹ ጉድጓዶች ምስል ትንሽ ትንሽ ሆኖ ይታያል። አልጋ ላይ ተቀመጥኩ።

“ዋናው ፋርስ አገር ነው የተሠራው፤” አለች ፉሚኮ በቀስታ። “ባሌ እንዴት እንደጠረቡት ለማወቅ ዕድሜውን ጨረሰ። ብዙ ሰበረ። ይህ የመጨረሻው ነው። በየማለዳው መንገዱ ሰንጥቆት እንደሆነ አያለሁ፤ የሞተውን ባሌንም ደህና አደርክ እለዋለሁ።”

“ጨርቁስ?”

“የእኔ ሥራ ነው። አዳኙ የፋርስ ንጉሥ ነው። ጨርቁን ቻይና ሸመኑት ይላሉ፤ ሥዕሉ ግን የእነሱ የፋርሶቹ ነው። የእኛ መነኮሳት ተቀብለው ለቤተ መቅደስ አኖሩት።”

አሁን የቀረው ማሳየት ነው አልኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ሳሕኑን በሁለት እጄ ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ፤ ፉሚኮ ሣጥኑንና ጨርቆቹን ይዛ ተከተለችኝ። አንዲት ሴት “ወጣ!” ብላ ጮኸች። ከግንቡ ውጭ ያሉት እልልታ አሰሙ፤ ታቦት ሲወጣ እንደሚባለው። ግቢ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ግንባሩን ጭቃው ላይ ደፋ። ቆመን የቀረነው እኔ፣ ፉሚኮ፣ ፖሊሶቹና ጉዮ ብቻ ነን።

“ቀና በሉ፤ ብርጭቆ ነው፤” አልኩ።

ማንም ቀና አላለም።

“ተክሌ፣ ቀና በል።”

“አልልም! አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? መልሺው!”

“ብርጭቆ ነው እልሃለሁ።”

“እንዴት አየሽው? ማን እይ አለሽ? እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!”

ሌሎቹ ተቀበሉት። ጸሎቱ እየጨመረ ሄደ። የሚያይ ከሌለ ማሳየት ምን ይጠቅማል? ሳጅኑ ሰዓቱን ያያል። ሁለቱ ፖሊሶች ጀርባ ለጀርባ ተጠጋግተዋል። ጸሎቱ ሲያበቃ ምን እንደሚመጣ ገብቶኛል፤ አሁን ከሴትዮዋ ጋር እኔም ታቦት ደፋሪ ነኝ።

ያን ጊዜ በረንዳው ላይ የውሃ ጆግ አየሁ። ሰው በታቦት ላይ የማያደርገው ነገር ምንድን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ጆጉ ነበር። ፉሚኮን አየኋት፤ በዓይኔ ወደ ጆጉ አመለከትኳት። ገባት። ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ። እሷ ያንን ሳሕን ያለ ጓንት ነክታው አታውቅም፤ እኔ በባዶ እጄ፣ ሳሙና በሸተተ እጄ ይዤዋለሁ። ቢሆንም ሣጥኑን ወንበር ላይ አኖረች፤ ጆጉን አነሣች፤ ራሷ ቀዳችልኝ። ከፍ አድርጋ ቀዳች፤ ድምፁ እንዲሰማ።

ጠጣሁ። የዝናብ ውሃ ነበር፤ የቆርቆሮ ጣዕም አለው። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ጸሎቱ ከፊት በኩል ተቋረጠ። በላይነሽ ናት። በየቀኑ የምትሞላውን ጆግ ድምፁን ታውቀዋለች። ግንባሯ ጭቃ እንደሆነ ቀስ ብላ ቀና አለች።

“እትዬ… በእሱ ነው የጠጡት?”

“በእሱ ነው።”

“አልሞቱም?”

“እስካሁን አልሞትኩም። ጨምሪልኝ።”

ፉሚኮ ደግማ ቀዳች። ተክሌ በጣቶቹ መካከል አየ፤ ከዚያ እጁን አወረደ፤ ከዚያ ተነሣ። ሳሕኑን፣ እኔን፣ እሷን እያፈራረቀ አየ። ማፈር ሲጀምር ደግሞ ተናደደ።

“ጽላቱን ሣጥኑ ውስጥ ትታችሁ ብርጭቆውን ብቻ አውጥታችሁ ቢሆንስ?”

ፉሚኮ ቋንቋውን አልሰማችም፤ ዓይኑ የት እንዳረፈ ግን አየች። ሣጥኑን አንሥታ ወደ ታች ገለበጠችው። ባዶ ነው። ሐምራዊውን ጨርቅ አራገፈች። ሁለተኛውን አራገፈች። የመጨረሻውን፣ የፈረሰኞቹን፣ በሁለት እጇ ዘርግታ በፀሐይ ላይ ያዘችው። ሴቶቹ እንደገና ሊጎነበሱ ነበር።

ጉዮ ተጠግቶ የአንዱን ፈረስ ታፋ በጣቱ አሳየ። ጨርቁ ላይ፣ ታፋው ላይ፣ እንደ ማኅተም ያለ ትንሽ ምልክት ተሸምኗል።

“ይሄ ፈረስ ተተኩሷል፤” አለ በተሰባበረ አማርኛው። “እኛ ግመል በጋለ ብረት እንተኩሳለን፤ የማን ግመል? እንዲታወቅ። ይሄ ፈረስ ባለቤት አለው። የቅዱስ ፈረስ ሰው ይተኩሳል እንዴ?”

መጀመሪያ የሳቀው ከኋላ የነበረ ሾፌር ነው። ከዚያ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ተክሌ አልሳቀም። የጭቃ ግንባሩን በእጅጌው ጠርጎ ጫማውን ፍለጋ ሄደ። ደፉ ላይ ሲደርስ ዞረ።

“እትዬ አስካለ፣ ታቦት ቢሆን ኖሮስ?”

ሳሕኑን በሁለት እጄ ለፉሚኮ መለስኩላት።

ሳጅኑ ፉሚኮን በመኪናው ወደ ጭነት መኪናው አደረሳት። ከመሄዷ በፊት ሳሕኑን አደረቀች፤ ጓንቷን ግን አላጠለቀችም። “ባሌ ከሠራው ጀምሮ ውሃ ቀምሶ አያውቅም ነበር፤” አለችኝ። ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችኝ። እኔም ዝቅ አልኩ። ደህና መድረሷን ልጇ ስልክ ደውሎ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

አንባቢዬ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትለኝ ብዙ አልልህም። ዛሬም አልቤርጎ ይዣለሁ። ግን እንግዳ ሲገባ ከየት መጣህ፣ ምን ይዘሃል፣ ማን ይጠብቅሃል ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ አይወደውም፤ ሌላ ቤት ይሄዳል። ይሂድ። ያን ሰሞን በሩ ላይ ወንበር ይዤ ሣጥንሽ ውስጥ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃት፣ ለበላይነሽም ለተክሌም የምነግረው ነገር ይኖረኝ ነበር። አለማየት ሰላም የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሌላው ሰው ያየውን ሁሉ እንዲያምን ሜዳውን መልቀቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ጠብ ሲነሣ ይጠሩኛል። እሄዳለሁ። እንደ ዱሮው በር ዘግቼ አልቀመጥም።

ጥቂት ሰዎች ዛሬም ከእጄ ውሃ አይጠጡም። አልቀየምም።

በማግሥቱ ድንበሩ ሲከፈት ወደ ማዶ ተሻግሬ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ከሜጋ ተመልሰው ነበር፤ ወሬውም ቀድሞኝ ደርሷል። ሕዝቡ እየሳቀ ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን አልሳቁም። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠን ከመጀመሪያው እንድነግራቸው አደረጉኝ።

“ጨርቁን ስታነሺው ከሥሩ ምን ያለ መስሎሽ ነበር?”

“አላወቅሁም ነበር፣ አባቴ።”

“ታቦት ሊሆን ይችላል ብለሽ ነበር?”

“ብዬ ነበር።”

“እንዲያም ሆኖ አነሣሽው።”

“አነሣሁት።”

ከዚያ ጾምና ስግደት አዘዙኝ። ተክሌ ይህን ሲሰማ “ለብርጭቆ?” ብሎ ተገርሞ ነበር። እኔ ግን አልተገረምኩም። ሌላው ሰው ሁሉ የፈረደብኝ ከሣጥኑ በወጣው ነገር ነው፤ እሳቸው ግን ሳይወጣ በፊት በልቤ በነበረው ፈረዱብኝ። ከሁሉም ፍርድ የእሳቸው ትክክል ነበር።

ልነሣ ስል፣ “አስካለ፣ ተጸጽተሻል?” አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር፤ ቦታው ግን አይፈቅድም።

“ዛሬም ቢሆን አነሣዋለሁ፣ አባቴ።”

መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አኖሩ፤ ከወትሮው ትንሽ አቆዩት።

“እንግዲያው ስግደቱን እጥፍ አድርጊው፤” አሉኝ።

አደረግሁ።